ፈረንሳይኛ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ያዋጣል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፍሬሽማን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ ነው፤ ልብሽ ያለው ፈረንሳይኛ ላይ ነው፤ አባትሽ ደግሞ «ቋንቋ ለመልመድ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? አካውንቲንግ ያዢና ማታ ማታ ኮርስ ውሰጂ» ብለውሻል። ከዜሮ መጀመሩም አስፈርቶሻል። እኔ በፈረንሳይኛ ተመርቄ እስከ ዛሬ የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

አባትሽ በከፊል ልክ ናቸው። የምትፈልጊው መናገር ብቻ ከሆነ አሊያንስ (የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከሉ) ተመዝግበሽ ከጀማሪው ደረጃ ከኤ1 ተነስተሽ፣ ራስሽን ችለሽ የምትግባቢበት ቢ2 መድረስ ትችያለሽ። ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና ሰርተፍኬትም ጊዜው አያልፍበትም። ለዚህ ብሎ ዓመታት ካምፓስ መቀመጥ አያስፈልግም። ይህንን ቀድሞ የሚነግራቸው ስለሌለ፣ መናገር ሊለምዱ ገብተው ልብ ወለድና የሥነ ልሳን ኮርስ ሲመጣባቸው ግራ የተጋቡ ብዙ ልጆች አይቻለሁ።

መጀመሪያ ላይ በእርግጥ የማታ ኮርስ ይመስላል፤ ሰዋስው፣ የግስ እርባታ፣ ዲክቴ (የቃል ጽሕፈት)። ኋላ ግን ማንበብና መጻፍ ይበዛል። ከሁሉ ያስጨነቀንም ከሁሉ የጠቀመንም ዲሴርታሲዮን የሚሉት የድርሰት ዓይነት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጡሻል፤ «ከተማ ሰውን ብቸኛ ያደርገዋል» የሚል ይሁን። እኛ የለመድነው ከሃንዳውት ያጠናነውን መገልበጥ፣ ቢበዛ ደግሞ እስማማለሁ ወይም አልስማማም ማለት ነው። እዚያ ይህ አይሠራም። ብቸኛ የተባለው ማን ነው? ገጠር ያለውስ ብቸኛ አይሆንም ወይ? እያልሽ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ጥያቄውን ራስሽ ታወጪያለሽ። ከዚያ ሐሳቡን ከልብሽ እንዳመንሽበት አድርገሽ ትደግፊዋለሽ፤ ቀጥለሽ በዚያው ጉልበት ትሞግቺዋለሽ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱን የሚያስታርቅ ወይም የሚያልፍ ሦስተኛ ሐሳብ ይጠበቅብሻል። ጥያቄውን ካላወጣሽ ሰዋስውሽ እንከን ባይኖረው እንኳ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ነው የሚመለስልሽ።

ፈረንሳይ አገር ልጆች ይህንን ሊሴ (ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) እያሉ ነው የሚሠለጥኑበት፤ ካደጉ በኋላም ሥራ ቦታ ሲከራከሩ ያው ልማድ አብሯቸው አለ። በሥራዬ ስብሰባ ላይ አንድ ፈረንሳዊ የሰውን ሐሳብ ከሥሩ ሲነቅል፣ የእኛ ሰዎች ተሰደብን ብለው ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ። ሰውየው ግን ሐሳቡን ቁም ነገር አድርጎ ስለያዘው ነው የሚሞግተው። ቃሉን ብቻ ተርጉሜ ዝም ብል ኖሮ የተበላሹ ስብሰባዎች ነበሩ። አባትሽ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል ላሉሽ የእኔ መልስ ይህ ነው።

ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ መሄድ የምታስቢ ከሆነ ውጤቱም እንዳያስደነግጥሽ። የሚታረመው ከ20 ነው፤ 12 ደህና፣ 14 ጥሩ፣ 16 በጣም ጥሩ ይባላል። አንዲት ጓደኛዬ 13 አግኝታ ወደቅሁ ብላ ስታለቅስ አብረዋት የሚማሩት ፈረንሳውያን «ምን ነካሽ?» ይሏት ነበር።

ደግሞ ፈረንሳይኛ ሲባል ፓሪስ ብቻ አይታይሽ። አዲስ አበባ ላይ በብዛት የምትሰሚው የዳካርን፣ የአቢጃንን፣ የኪንሻሳን ፈረንሳይኛ ነው። እኔ አፌን የፈታሁት የአንድ አይቮሪኮስታዊ ዲፕሎማት ልጆችን እንግሊዝኛ ሳስጠና ነው። እናትየው ቤተሰቤን፣ ጤናዬን፣ መንገዱን አንድ በአንድ ሳትጠይቀኝ ወንበር አትሰጠኝም ነበር፤ ልክ እንደኛ አገር። ፓሪስ ሱቅ ስትገቢ ግን «ቦንዡር» ብለሽ ወደ ጉዳይሽ ነው፤ እሱን ከዘለልሽ ደግሞ ባለጌ ነሽ። ቋንቋው አንድ ሆኖ ወጉ ይህን ያህል ይለያያል። ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ ይህንን አታገኚውም፤ ሰው ፈልጊ።

ስለ ሥራ እውነቱን ልንገርሽ። «አፍሪካ ኅብረት አስተርጓሚ ትሆኛለሽ» የሚሉሽን በጥንቃቄ ስሚ። የትላልቅ ጉባኤ አስተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፍ መፍቻው ነው የሚተረጉመው፤ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች ደግሞ አረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው፤ አማርኛ የለበትም። በመጀመሪያ ዲግሪ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ራሱን የቻለ የአስተርጓሚነት ማስተርስ ይፈልጋል። እንጀራ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሰነድ ትርጉም፣ አስጎብኚነት፣ ማስተማር፣ አየር መንገድ፣ ኤምባሲና ድርጅቶች። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ጅቡቲ ነው። ወጪ ገቢ ንግዳችን በአብዛኛው የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ፈረንሳይኛ ከአረብኛ ጋር የአገሩ መንግሥት ቋንቋ ነው። ፈረንሳይኛም ሂሳብም የሚያውቅ ሰው በትራንዚት ሥራ ተፈላጊ ነው። ስለዚህ አባትሽን አትጣያቸው፤ አካውንቲንጉን ማታ ወይም በርቀት ውሰጂው። እሳቸው ካሉት ተገላበጠ ማለት ነው።

ታሪክ ከወደድሽ ሌላም በር አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ከተከፈተ ጀምሮ ጣሊያን እስኪወረን ድረስ የዘመናዊ ትምህርት ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ቦታውን የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1941 ወዲህ ነው። ስለ አዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ሆነ ስለዚያ ዘመን ዲፕሎማሲ የተጻፈው ብዙ ሰነድ በፈረንሳይኛ ነው፤ ማንበብ የሚችል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ግን ጥቂት ነው። ይህ ነገር ሁሌም ይቆጨኛል።

ከዜሮ መጀመሩ አያስፈራሽ፤ አብዛኞቻችን ከዜሮ ነው የጀመርነው። የማይነበቡት ፊደሎችና በአፍንጫ የሚወጡት ድምፆች መጀመሪያ ያሰቃያሉ፤ የአንተና የእርስዎ ልዩነት ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፎርም ከመሙላትሽ በፊት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል መምህሩን አስፈቅደሽ አንድ ቀን ተቀመጪ። የሚሉት ባይገባሽም የሚያነቡትን አይተሽ፣ ኮርሶቹን ጠይቀሽ ውጪ። ማንበቡ ከሰለቸሽ የማታው ኮርስ ይሻልሻል። ካጓጓሽ ግን ሙዪውና እዚሁ ጻፊልኝ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የሚያስፈልጉሽን ነገሮች እነግርሻለሁ።