ቴምፕሌቱ ያምራል፣ ደብዳቤው የት አለ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ብሎኮችን (የጽሑፍ፣ የፎቶ፣ የበተን ክፍሎችን) በማውዝ እየጎተቱ የሚደረድሩበትን የቴምፕሌት (የዝግጁ ንድፍ) ኤዲተር ተጠቅሞ የኢሜይል ኒውስሌተር (ለተመዘገቡ አንባቢዎች በየጊዜው የሚላክ ደብዳቤ) ስለማዘጋጀት። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ፤ ጸሐፊዎቹ ይቅር ይበሉኝ።

ጥያቄ፦ የምጠቀምበት ኤዲተር ከመቶ በላይ ዝግጁ ቴምፕሌት አለው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳማርጥ ከረምኩ፤ አንድም መስመር አልጻፍኩም። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ለጊዜው የትኛውንም። ኤዲተሩን ይዝጉትና ደብዳቤውን ባዶ ገጽ ላይ ይጻፉ። ቴምፕሌት ቀድመው ከመረጡ ሳይታወቅዎት የሱ ሠራተኛ ይሆናሉ። ሦስት የፎቶ ቦታ ካለው ሦስት ፎቶ ፍለጋ ይወጣሉ። እኔ ራሴ «የሳምንቱ ጥቅስ» የሚል ሳጥን ያለው ቴምፕሌት መርጬ ለወራት ጥቅስ ሳድን ኖሬያለሁ። አንድ ሳምንት ሰለቸኝና ሳጥኑን አጠፋሁት። የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ምርጫው ቀላል ነው። ባለ አንድ ዓምድ ይሁን። ከላይ ሎጎ ወይም ስም፣ ከሥሩ ጽሑፍ፣ አንድ የሚጫኑት በተን፣ ግርጌው ላይ አድራሻና የመውጫ ሊንክ (ደብዳቤው እንዲቀርበት የሚፈልግ ሰው የሚጫነው) ይበቃዋል። ቀለሙንና ሎጎውን አንዴ ያስተካክሉና የራስዎ ቴምፕሌት አድርገው ሴቭ ያድርጉት። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ጽሑፉን መቀየር ነው። ያለፈውን እትም ኮፒ አድርገው ሲሠሩ ግን የድሮው ሊንክ በተኑ ውስጥ ተደብቆ ሊቀር እንደሚችል አይርሱ። ጽሑፉን ቀይሮ ሊንኩን ሳይቀይሩ መላክ የሁላችንም ኃጢአት ነው።

ጥያቄ፦ ኤዲተሩ ውስጥ ሳየው ልቅም ያለ ነው። ባለቤቴ ቢሮ በአውትሉክ (በማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ስትከፍተው ግን ተመሰቃቅሎ መጣ። ስልኬ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። ድረ ገጽ ሲሠሩ በአሳሽ (ክሮምን በመሰለ ፕሮግራም) ብቻ ነው የሚከፈተው፤ አሳሾች ደግሞ እርስ በርስ ብዙም አይለያዩም። ኢሜይል ግን እያንዳንዱ መክፈቻ እንደ ገዛ ጠባዩ ነው የሚያሳየው። አስቸጋሪው የታወቀ ነው። በዊንዶውስ ላይ የሚጫነው የቆየው አውትሉክ፣ ከ2007ቱ እትም ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በወርድ ሞተር ነው። አዎ፣ ደብዳቤ የምንጽፍበት ወርድ! ስለዚህ ማዕዘኑ የተጠጋጋው በተን ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ይመጣል፣ ከጽሑፍ ጀርባ ያስቀመጡት ምስል ይጠፋል፣ ክፍተቶች ይዛባሉ። ኤዲተሮች ከውስጥ ዛሬም በሠንጠረዥ የሚሠሩት፣ የቴምፕሌቱም ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 600 ፒክሰል አካባቢ የሚሆነው ይኼንን ሁሉ ጠባይ ለመቻል ነው።

የስልኩ ነገር ሌላ ነው። ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ከሠሩ ስልክ ላይ ግራው ከላይ፣ ቀኙ ከታች ሆነው ይደረደራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ለማሳመር ብለው የመጀመሪያውን ረድፍ ፎቶ በግራ ጽሑፍ በቀኝ፣ ቀጣዩን ገልብጠው ጽሑፍ በግራ ፎቶ በቀኝ ያደርጉታል። ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ሲደረደር ግን ፎቶ፣ ጽሑፍ፣ ጽሑፍ፣ ፎቶ ይሆናል። የትኛው ፎቶ የየትኛው ጽሑፍ እንደሆነ አንባቢው ይገምታል ማለት ነው። ፎቶውን ሁሌም በግራ ያድርጉት። ከተቻለም ዓምዱን አንድ ያድርጉትና ይገላገሉ።

ደግሞ «ፕሪቪው» የሚለውን በተን ብዙ አይመኑት። ለራስዎ ይላኩት፦ አንድ ጂሜይል በአንድሮይድ ስልክ፣ አንድ አይፎን፣ አንድ አውትሉክ በኮምፒውተር። አይፎን ከሌለዎት ያለው ሰው አይጠፋም፤ ስክሪንሾት ይላክልዎት። ዳርክ ሞድም ያብሩና ይዩት። ጀርባው ቀለም የሌለው ጥቁር ሎጎ በጨለማ ገጽ ላይ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄ፦ ዲዛይነር ጓደኛዬ ሁሉንም ነገር በአንድ ትልቅ ምስል ሠርቶ ሰጠኝ። ቴምፕሌቱ ውስጥ አስገብቼ ልላከው?

መልስ፦ አይላኩት። ምስል እንዳይከፈት ያደረገ አንባቢ የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው። ዓይነ ስውር አንባቢ የሚጠቀመው ስክሪን ሪደርም ምስል ውስጥ ያለን ጽሑፍ አያነብለትም። ስልክ ላይ ደግሞ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ጓደኛዎን አመስግነው ጽሑፉን በጽሑፍ ብሎክ፣ ፎቶውን በፎቶ ብሎክ ያስገቡ። ለእያንዳንዱ ምስል ኤዲተሩ የሚጠይቅዎትን አማራጭ ጽሑፍም (ምስሉ በማይታይበት ጊዜ በቦታው የሚነበበውን) ይሙሉ፤ «ምስል 1» ብለው ሳይሆን ምስሉ የሚናገረውን ነገር ጽፈው።

ጥያቄ፦ የምወደውን የአማርኛ ፎንት መርጬ ላኩ። የተቀባዮቹ ስልክ ላይ ሌላ ፎንት ሆኖ ነው የታየው። የሚስተካከል ነገር አለ?

መልስ፦ ፎንቱ እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው፤ ከደብዳቤው ጋር አብሮ አይሄድም። ጂሜይል ከውጭ የሚጫን ፎንት አይቀበልም። ስለዚህ አንባቢው የሚያየው በመሣሪያው ያለውን ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ አፕል ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ይኼን ይቀበሉትና በእጅዎ ባለው ላይ ይሥሩ። እሱም መጠንና ክፍተት ነው።

ቴምፕሌቶቹ የተነደፉት ለላቲን ፊደል ነው። 14 ላይ የሚነበብ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲቀየር ይታፈናል። እኔ 17 ወይም 18 አደርገዋለሁ፤ የመስመር ክፍተቱንም 1.6 ወይም 1.7። ትንሽ ጽሑፍን ቦልድ አያድርጉ፤ «ጭ» እና «ጯ» ይደፈናሉ። ኢታሊክ ደግሞ ለኛ ፊደል አልተፈጠረም፤ ያዘነበለ «ጠ» ሊወድቅ ያለ ይመስላል። ርዕሱን ሁሉ ትልልቅ ፊደል የሚያደርገውን አማራጭ ቢነኩትም ምንም አይፈጠርም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም።

ጥያቄ፦ ጂሜይል ላይ ኒውስሌተሬ መሃል ላይ ይቆረጥና ሙሉውን ለማየት ሊንክ ተጫኑ ይላል።

መልስ፦ ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት አካባቢ ያለፈ ኢሜይልን ይቆርጣል። የሚቆጠረው ኮዱና ጽሑፉ እንጂ ፎቶዎቹ አይደሉም፤ ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ ተቀምጠው በሊንክ ነው የሚመጡት። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ 1። ግን ጣትዎን በፊደሉ ላይ አይቀስሩ፤ 5000 ፊደል እንኳ 15 ኪሎባይት ቢሆን ነው። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የብሎኮች ብዛት፤ እያንዳንዱ ብሎክ የራሱን ኮድ ተሸክሞ ይመጣል። ሁለተኛው ከወርድ ላይ ኮፒ ማድረግ፤ ጽሑፉ የማይታይ ጓዙን ይዞ ነው የሚገባው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቪን አብረው ተጭነው ፔስት ካደረጉ ጽሑፉ ብቻውን ይመጣል።

መቆረጡ የሚጎዳው የመውጫው ሊንክ ግርጌው ላይ ስለሆነ ነው። ተቆርጦ ከሄደ አንባቢው አያገኘውም። እዚያው ሳለሁ፦ ሙከራ ሲልኩ በየጊዜው የኢሜይሉን ርዕስ ይቀይሩ። ያው ርዕስ ከተደጋገመ ጂሜይል አንድ ላይ ይጠቀልላቸውና ተመሳሳዩን ክፍል ይደብቃል፤ የተበላሸ ይመስልዎታል።

ጥያቄ፦ በስማቸው ልጥራቸው ብዬ የስም ኮድ አስገባሁ። ለአንዳንዶቹ «ሰላም ፣» ተብሎ ባዶ ሄደ።

መልስ፦ ሲመዘገቡ ስም ያልሞሉ ሰዎች አሉ። ኤዲተሩ ስም ሲጠፋ ምን እንደሚተካ ይጠይቅዎታል፤ «ውድ አንባቢ» ብለው ይሙሉት። ግን አማርኛ ላይ ከዚህ የባሰ ጣጣ አለ። ኮዱ ስሙን ያመጣል እንጂ ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንቱ የሚባል ይሁን አንተ አያውቅም። «ሰላም» ብለው ስሙን ጠርተው ወዲያው «እንዴት ነህ» ካሉ ግማሹን አንባቢ አስቀይመዋል። «እርስዎ» ወይም «እናንተ» ይምረጡና እስከ መጨረሻው በዚያው ይሂዱ። ከላይ «እናንተ» ብሎ በተኑ ላይ «ተመዝገብ» የሚል ደብዳቤ ስንት አይቻለሁ። ምክንያቱ በተኑ ከቴምፕሌቱ ጋር የመጣ ስለሆነ ነው፤ ማንም አያነበውም።

ጥያቄ፦ ግርጌው ላይ ያለውን የመውጫ ሊንክ ማጥፋት ይቻላል? ሰው እየቀነሰብኝ ነው።

መልስ፦ አይሆንም። መውጫ ያጣ ሰው ስፓም (የማይፈለግ መልእክት) የሚለውን ይጫናል፤ እሱ ደግሞ ለቀሩት አንባቢዎችዎ የሚላከውንም ያበላሻል። ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጂሜይልና ያሁ በብዛት የሚልኩ ሰዎች በአንድ ጠቅታ የመውጫ መንገድ እንዲሰጡ ይጠይቃሉ፤ የስፓም ክሱም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን። ጂሜይል በብዛት የሚለው ለሱ ተጠቃሚዎች በቀን 5000 ያህልና ከዚያ በላይ የሚልከውን ነው። እርስዎ ሃምሳ ሰው ቢኖርዎትም ሊንኩን ይተዉት። የወጣ ሰው ድሮም አያነብዎትም ነበር።

ጥያቄ፦ ሰባ በመቶው ከፍቶታል ይለኛል። መልስ የሚጽፍልኝ ግን የለም።

መልስ፦ ሰባው በመቶ ሰው ብቻ አይደለም። አፕል ከመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሜይል መተግበሪያው የግላዊነት ጥበቃ አስገብቷል። ይኼን ያበራ ሰው ኢሜይሉን ባይከፍተውም ምስሎቹ አስቀድመው ይጫናሉ፣ መከፈቱን በምስል መጫን የሚለካው ቆጣሪም «ተከፈተ» ይላል። ሊንክ የተጫኑትን ይቁጠሩ። መልስ ከፈለጉ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ የላኪውም አድራሻ መልስ የማይቀበል አይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልኬው ካበቃሁ በኋላ ስህተት አገኘሁበት። ለሁሉም ደርሷል። መመለስ ይቻላል? በጣም ደንግጫለሁ፤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ወር ላይ ነኝ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። («ጋሼ» የሚያስብል ፎቶ የቱ ጋ እንዳየሽ ግን ንገሪኝ።) የተላከ ጽሑፍ አይመለስም። ስህተቱ ሊንክ ላይ ከሆነ ግን ተስፋ አለ፤ አንዳንድ አገልግሎቶች ከተላከም በኋላ ሊንኩ የሚወስድበትን አድራሻ ለመቀየር ይፈቅዳሉ። ካልፈቀዱ የተሳሳተው አድራሻ የራሳችሁ ድረ ገጽ ውስጥ ከሆነ ወደ ትክክለኛው እንዲያዞር ማድረግ ይቻላል።

ቀን፣ ሰዓት ወይም ቦታ ከሆነ የተሳሳተው ዛሬውኑ ማረሚያ ላኪ። ሁለት መስመር ይበቃል፤ ትክክለኛውን መረጃ ርዕሱ ላይ አድርጊው። አንድ ፊደል ከሆነ የተሳሳተው ተዪው። አለቃሽ ካየው ያኔ ታስረጂዋለሽ።