ለድሬና ለሐረር ልጆች፦ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የት ላይ ይሰበራል?

ልጆች፣ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አራት ዓይነት ነው ሲሏችሁ ስሞቹን ሸምድዳችኋል፦ ሲምፕል፣ ኮምፓውንድ፣ ኮምፕሌክስ፣ ኮምፓውንድ ኮምፕሌክስ። ትርጉማቸውን ብትጠየቁ አትሳሳቱም። የሥራ ማመልከቻ አንድ ገጽ ጻፉ ስትባሉ ግን ነገሩ ይበላሻል። ይህ ከስንፍና አይደለም። አፍ የፈታችሁባቸው ቋንቋዎች፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም ሶማልኛውም አደርኛውም፣ ግሥን መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ይወዳሉ። እንግሊዝኛ ግሡን መሐል ያስቀምጣል፤ ባለቤቱንም ከፊቱ ያቆምለታል። ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ጮክ ብላችሁ እንድታነቧቸው ነው፤ የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ይቀድማል።

መጀመሪያ የምትፈልጉት ግሡን ነው፣ ጊዜ የሚያሳየውን። አማርኛ «መጣ» ብሎ ጨርሷል፤ ማን እንደመጣ ግሡ ራሱ ይነግረናል። እንግሊዝኛ «ኬም» ብቻ ቢባል ማን? ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግሥ ባለቤቱን ጠይቁ። ባለቤትና ግሥ አንድ ላይ ሲቆሙ ክሎዝ ይባላሉ፤ አራቱ ዓይነቶች የሚለዩትም በክሎዞቹ ብዛትና አያያዝ እንጂ በርዝመት አይደለም። መጨረሻው «ኢንግ» የሆነ ቃል ብቻውን ግሥ ሆኖ አይቆጠርም። «ሳሚራ ሴሊንግ ማንጎስ» ገና ዓረፍተ ነገር አልሆነም፤ «ኢዝ» ያስፈልገዋል። «ቱ» የቀደመውም እንዲሁ አይቆጠርም።

«ሳሚራ ሴልስ ማንጎስ» ሲምፕል ነው። «አፍተር ላንች, ሳሚራ ኤንድ ሀር ሲስተር ሴል ማንጎስ ኢን ከፊራ» ቢረዝምም ያው ሲምፕል ነው፤ ግሡ አንድ ነውና። ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት ግን እዚህ ጋ ነው፦ «ሳሚራ ፒልስ ዘ ማንጎ ኤንድ ኢትስ ኢት»። ሁለት ግሥ አለ፣ «ኤንድ» አለ፣ ኮምፓውንድ ነው ትላላችሁ። አይደለም። ልጣጩንም የምታነሣው፣ የምትበላውም ያቺው ሳሚራ ናት፤ ባለቤቱ አንድ ነው። ስለዚህም ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ አይገባም። «ሳሚራ ፒልስ ዘ ማንጎ, ኤንድ ሀር ብራዘር ኢትስ ኢት» ሲሆን ሁለተኛው ግሥ የራሱን ባለቤት አገኘ፤ ኮማውም ኮምፓውንድነቱም ያን ጊዜ ይመጣል።

ይህ ነገር አማርኛችንን ወደ እንግሊዝኛ ስንገለብጥ ይጠቅማል። «ከዚራ ሄጄ፣ ዳቦ ገዝቼ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ» ብላችሁ አራት ግሥ በአንድ ትንፋሽ ታስኬዳላችሁ። ወደ እንግሊዝኛው ስትመጡ በየግሡ «ኤንድ አይ፣ ኤንድ አይ» እያላችሁ ትደረድሩታላችሁ፤ እንደ ባጃጅ ሰልፍ። አንድ «አይ» ይበቃል፦ «አይ ዌንት ቱ ከዚራ, ቦት ብሬድ, ድራንክ ቲ, ኤንድ ኬም ባክ»። አራት ግሥ፣ አንድ ባለቤት፣ ሲምፕል።

ኮምፓውንድን በሰባት ማያያዣዎች ትገጥሙታላችሁ፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ ባት፣ ኦር፣ ዬት፣ ሶ። የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን በእንግሊዝኛ ብታያይዙ «ፋንቦይስ» ይወጣል፤ በቃላችሁ ያዙት። «ሀውኤቨር» ከእነዚህ ውስጥ የለም። ሁለት ክሎዝ መሐል ከገባ ከፊቱ ሴሚኮሎን ወይም ፉልስቶፕ፣ ከኋላው ኮማ ይፈልጋል። ኮማ ብቻውን ሁለት ሙሉ ክሎዝ አይሸከምም። «ዘ ሰን ኢዝ ሆት, ዊ ስቴይ ኢንሳይድ» ስሕተት ነው። አማርኛ ላይ ነጠላ ሰረዝን እንደልባችን ስለምንበትን እጃችን ለምዶብን ነው። ወይ «ሶ» ጨምሩ፣ ወይ ሴሚኮሎን፣ ወይ በፉልስቶፕ ለዩት።

ኮምፕሌክስ ላይ ቆም እንበል። «ዌን ኢት ሬይንስ ኢን ዘ ሃይላንድስ, ደቻቱ ፍለድስ።» የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣበትን የ1998 ዓ.ም. ክረምት ለሚያስታውስ የድሬ ሰው ትርጉሙን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቅርጹን እንይ። «ዌን» ያለበት ክሎዝ ጥገኛ ነው፤ ብቻውን ፉልስቶፕ አይሰጠውም። ጥገኛው ሲቀድም ኮማ ይከተለዋል፤ ሲከተል ግን በአብዛኛው ኮማ የለም፦ «ደቻቱ ፍለድስ ዌን ኢት ሬይንስ ኢን ዘ ሃይላንድስ»። አማርኛ ጥገኛውን ማስቀደም ስለሚቀናው ይህ ሁለተኛው ቅርጽ ከብዕራችሁ ብዙ አይወጣም፤ ሆን ብላችሁ ተለማመዱት። «ኢት»ንም አትርሱ። «ዌን ሬይንስ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ «ሲዘንብ» የሚለውን በቀጥታ መገልበጡ ነው። እንግሊዝኛ ለዝናብም ቢሆን ባለቤት ካላቆመ አያርፍም።

«ስለዘነበ» ብሎ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ አማርኛ ጸሐፊ የለም፤ «ስለ» ከግሡ ጋር ተጣብቆ ገና እንዳልጨረስን ያስታውሰናል። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ሲባል ግን «ቢኮዝ» ለብቻው ስለቆመ የተጨረሰ ይመስላል። አልተጨረሰም።

ሌላው በሽታ «ኦልዞ» እና «ባት» አንድ ላይ ነው። «ምንም እንኳ ድሀ ቢሆንም፣ ነገር ግን ደስተኛ ነው» እንላለንና «ኦልዞ ሂ ኢዝ ፑር, ባት ሂ ኢዝ ሃፒ» ብለን እንጽፋለን። አቦ፣ አንዱ ይበቃል! ደንቡ እንዲህ ነው፦ ማያያዣው፣ ሰባቱም ሆኑ እነ «ዌን»፣ «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞ»፣ ከክሎዞቹ ብዛት በአንድ ያንሳል። ለሁለት ክሎዝ አንድ፣ ለሦስት ሁለት። ሴሚኮሎን የአንድ ማያያዣ ቦታ ይይዛል፤ «ዛት» ደግሞ አንዳንዴ ሳይጻፍ ይታሰባል።

«ሁ» እና «ዊች»ም ማያያዣ ናቸው። «ጅብ የሚያበላው ሰውዬ ጀጎል አጠገብ ይኖራል» ሲል አማርኛ ገላጩን ከስሙ ያስቀድማል፤ እንግሊዝኛ ያስከትላል፦ «ዘ ማን ሁ ፊድስ ዘ ሃይናስ ሊቭስ ኒር ዘ ዎል»። ኦሮምኛና ሶማልኛ የምትናገሩ እዚህ ላይ ትቀድሙናላችሁ፤ በሁለቱም ገላጩ ከስሙ ኋላ ነው። «ሁ» ራሱ ባለቤት ስለሆነ «ሁ ሂ ፊድስ» አይባልም። «ያየሁት ሰውዬ» ውስጥ ያለችው «ት»ም ወደ እንግሊዝኛው አትሻገርም፦ «ዘ ማን አይ ሶ» እንጂ «ዘ ማን አይ ሶ ሂም» አይደለም።

ኮምፓውንድ ኮምፕሌክስ አዲስ ነገር የለውም፤ ቢያንስ ሁለት ራሱን የቻለ ክሎዝና አንድ ጥገኛ ማለት ነው። በአንድ አንቀጽ አንድ ካለ ይበቃል።

በቀን አምስት ዓረፍተ ነገር ከመማሪያ መጽሐፋችሁ አውጡ። ግሦቹን ክበቡ፣ ባለቤታቸውን አስምሩ፣ ማያያዣዎቹን ቁጠሩ። ከዚያ የራሳችሁን ጽሑፍ በዚያው ዐይን እዩት። ለምሳሌ ይህን፦ «ኦልዞ ኢት ዋዝ ሆት, ባት ዊ ዎክድ ቱ ሳቢያን, ዌን ዊ አራይቭድ, ዘ ሾፕ ዋዝ ክሎዝድ»። አራት ክሎዝ፣ ሦስት ማያያዣ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ችግሩ የቦታ ነው፦ የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ ሁለት ተደርቦ፣ «ሳቢያን» ካለው በኋላ ሁለቱን ራሳቸውን የቻሉ ክሎዞች የሚይዝ ጠፋ። ምንም ሳትጨምሩ «ባት»ን ብቻ ነቅላችሁ ወደዚያ ውሰዷት፦ «ኦልዞ ኢት ዋዝ ሆት, ዊ ዎክድ ቱ ሳቢያን, ባት ዌን ዊ አራይቭድ, ዘ ሾፕ ዋዝ ክሎዝድ»።