የገና ዛፍ እንደጫነች ስለቀረችው መርከብ፦ ለወጣት ሾፌሮች

ልጆቼ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል ከባድ መኪና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። አብዛኛውን እዚሁ ቺካጎ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንዲት የእንጨት መርከብ ነው። በተለይ በቅርቡ ትራክ ገዝታችሁ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች አንብቡልኝ።

መርከቧ ራውስ ሲመንስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1868 ሚልዋኪ ውስጥ ተሠራች። ሦስት ምሰሶ ነበራት፣ የምትሄደው በሸራ ነው፣ ርዝመቷ 38 ሜትር ገደማ። ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ለብዙ ዓመታት ጣውላ ስታመላልስ ኖራለች። ሐይቅ ስላችሁ ጣናን አታስቡ። ሚሺጋን ጣናን ወደ ሃያ እጥፍ ይሆናል፤ በኖቬምበር የሚነሣበት ማዕበልም የባሕር ማዕበል ነው።

በኋላ ባቡሩና የብረት መርከቡ ሥራውን ወሰዱት። ለሸራ መርከቦች ርካሽ ርካሹ ጭነት ቀረላቸው። ገቢ ሲቀንስ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘለለው ጥገና ነው። ይህን ጋራዥ ውስጥ ስንቴ እንዳየሁት! የእንጨት መርከብ እንደ ሕፃን ናት፣ ሁሌም ጠባቂ ትፈልጋለች። በጣውላዎቿ መሃል ያለው ክፍተት በቃጫና በቅጥራን ይደፈናል። ቅጥራኑ ይደርቃል፣ ጣውላው ይላላል፣ እንደገና መድፈን ነው። ካልተደፈነ ውኃው መግቢያ አያጣም።

ካፒቴኗ ኸርማን ሹነማን ይባላል። ገና ሲቃረብ ከሰሜን ሚሺጋን የገና ዛፍ ጭኖ ይመጣና እዚህ ከተማ ክላርክ ጎዳና ድልድይ አጠገብ ይቆማል። ዛፉን እዚያው ከመርከቧ ላይ ይሸጣል። ለድሆች በነፃ ስለሚሰጥ ሰዉ "ካፒቴን ሳንታ" ይለው ነበር። ወንድሙ አውገስትም በዚሁ ሥራ ላይ እያለ በ1898 ከነመርከቡ ሰጥሞ ቀርቷል። ኸርማን ግን ሥራውን አልተወም። ልፈርድበት አልችልም፤ ቤተሰብ ነበረው።

ኖቬምበር 22 ቀን 1912 ሰሜን ሚሺጋን ካለው ከቶምፕሰን ወደብ ተነሣ። መርከቧ 44 ዓመቷ ነበር። ዛፉ በሺህ የሚቆጠር ነው፣ ከላይም ከታችም ታጭቋል። እርጥብ ቅርንጫፍ በረዶ ሲይዝ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ባለችው በኪዋኒ ከተማ ያሉ የነፍስ አድን ሠራተኞች የድረሱልኝ ምልክት ሰቅላ አዩዋት። እነሱ የሞተር ጀልባ አልነበራቸውም። ቱ ሪቨርስ ከተማ ወዳለው የነፍስ አድን ጣቢያ ደወሉ። ከዚያ የሞተር ጀልባ ወጣ፤ ሰዎቹ ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ አጧት። ከተሳፈሩት አንድም ሰው አልተረፈም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ የአየር ፍሬኑ እየተነፈሰበት መጣ። "ጋሼ፣ ይቺን አንድ ሎድ (ጭነት) ብቻ አድርሼ ልምጣ" አለኝ። ለቀቅኩት። በሰላም ተመለሰ። በሳምንቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ይህን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ ይነሣኛል። ሁለታችንንም ያታለለን ያ የመጀመሪያው በሰላም መመለስ ነው። "ይኸው፣ ምንም አልሆነም" አስባለን። ያቺ መርከብስ ስንት ኖቬምበር በሰላም ገብታ ነበር!

የትራክ ክፍያ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። አገር ቤት የሚጠብቃችሁ እንዳለም አውቃለሁ። ግን ፍሬኑ ከተነፈሰ አትውጡ። ጭነት የሚመድብላችሁ ዲስፓቸር "ሎዱ ይሰረዛል" ቢላችሁ ይሰረዝ። መካኒኩ እንደኔ "ሂድ፣ ትደርሳለህ" ቢላችሁ እንኳ አትስሙት። ሌላ ሥራ የምታገኙበት ቀን ይደርሳል፤ በዓሉን ከእናቶቻችሁ ጋር በስልክ ታሳልፉታላችሁ።

የካፒቴኑ ሚስት ባርባራና ሴት ልጆቿ ከእሱ በኋላም ዛፍ መሸጡን ቀጠሉ። መርከቧን በ1971 አንድ ጠላቂ 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አገኛት። ዛፎቹ አሁንም ሆዷ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1924፣ የዓሣ አጥማጆች መረብ የካፒቴኑን የኪስ ቦርሳ አውጥቶ ነበር። ውኃ በማያስገባ ጨርቅ በደንብ ጠቅልሎታል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ውስጡ ያሉት ወረቀቶች ደህና ነበሩ።