ጥያቄና መልስ፦ ማሽኑ ላይ ስንት ኢንተርፌስ አለ?

የዚህ ዙር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። በሲ የተጻፈ ፕሮግራም የተጫነበት ማሽን ላይ ያሉትን የኔትወርክ ኢንተርፌሶች (ማሽኑን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኙትን እውነተኛም ቨርቹዋልም ካርዶች) እንዴት ይዘርዝር? ያው ኮድ በዩኒክስ ቤተሰብ ሲስተሞች፣ ሊኑክስ ላይም፣ ቢኤስዲዎቹ ላይም፣ ማክኦኤስና ሶላሪስ ላይም እንዲሠራ ምን ይደረግ? ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ በራሴ አባባል አቅርቤያቸዋለሁ። የፈንክሽኖቹን ስም የጻፍኩት ስናወራ እንደምንጠራቸው ነው።

ለመዘርዘር ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆን ግድ ነው?

አይደለም። በተለመዱት ዩኒክሶች ላይ ማንበብ ለማንም ክፍት ነው። ሩት የሚያስፈልገው ለመቀየር ነው።

አንድ ጀማሪ ሦስት አራት መንገድ አግኝቶ ግራ ተጋብቷል። የቱን ልያዝ ይላል።

«ጌት-ኢፍ-አድርስ»ን ያዝ። የመጣው ከቢኤስዲ ቤተሰብ ነው። ዛሬ ሊኑክስ ላይ በሁለቱ የሲ ላይብረሪዎች፣ በግሊብሲም በመስልም አለ። ፍሪቢኤስዲ፣ ኔትቢኤስዲ፣ ኦፕንቢኤስዲ፣ ማክኦኤስና ሶላሪስ 11 አላቸው። አንድሮይድም ከኤፒአይ ደረጃ 24 ጀምሮ አስገብቶታል። አንዴ ትጠራዋለህ፣ የተያያዘ ዝርዝር ይሰጥሃል፣ ስትጨርስ በ«ፍሪ-ኢፍ-አድርስ» ትለቀዋለህ። በቃ።

ይህ ፈንክሽን ግን ፖዚክስ (የዩኒክሶች የጋራ ስታንዳርድ) ውስጥ የለም። ስታንዳርዱ ከ2001 ጀምሮ የያዘው «ኢፍ-ኔም-ኢንዴክስ» የሚባለውን ነው። እሱ የሚሰጥህ የኢንተርፌሱን ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ አድራሻም ፍላግም (የኢንተርፌሱን ሁኔታ የሚናገር ምልክት) የለውም። ተጠቃሚው ከዝርዝር ውስጥ አንዱን እንዲመርጥ ብቻ ከሆነ የፈለግከው፣ ከሱ የቀለለ የለም። ቁጥሩ ዜሮ፣ ስሙ ነል (የትም የማያመለክት) የሆነው ላይ ስትደርስ ዝርዝሩ አልቋል።

ሌላው ደግሞ፦ ፕሮግራሜ እኔ ጋ ይሠራል፤ ጓደኛዬ ጋ ሲሄድ ገና ሲነሳ ይወድቃል። ጓደኛዬ ቪፒኤን ይጠቀማል። ጥፋቱ የቪፒኤኑ ነው?

ቪፒኤኑን ተወው። የላክልኝን ኮድ አይቼዋለሁ፤ ችግሩ ያለው ሉፑ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ከእያንዳንዱ መዝገብ «ኢፋ-አድር» የሚባለውን ፖይንተር ትወስድና ወዲያው የአድራሻውን ቤተሰብ ታነባለህ። ያ ፖይንተር ነል ሊሆን ይችላል። አንተ ማሽን ላይ ሆኖ አያውቅም፣ ስለዚህ ሳታየው ቀረህ።

የጓደኛህ ማሽን ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ቪፒኤኑ ሲነሳ «ቱን0» የሚባል ኢንተርፌስ ይፈጥራል። ይሄ ኢንተርፌስ እንደ ኤተርኔት ካርድ የሃርድዌር አድራሻ የለውም። ሊኑክስ ላይ ግሊብሲ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ኢንተርፌስ አንድ መዝገብ ያወጣል፤ የሃርድዌር አድራሻ ያለው ከሆነ አድራሻውን እዚያ ላይ ያስቀምጣል። «ቱን0» የሚያስቀምጠው ስለሌለው ፖይንተሩ ነል ሆኖ ይቀራል። ኮድህ ነል ውስጥ ገብቶ ያነባል፣ ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት) ፕሮግራሙን ይገድለዋል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ ነል ከሆነ እለፈው። ኔትማስኩንም ብሮድካስቱንም ከማንበብህ በፊት እንደዚሁ ፈትሽ።

ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ ግን ከመውደቁ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ጌት-ኢፍ-አድርስ» የሚመልሰው የኢንተርፌስ ዝርዝር አይደለም። የአድራሻ ዝርዝር ነው። አንዱ «ኢትኤች0» ሊኑክስ ላይ አንዴ በሃርድዌር አድራሻው ይመጣል፣ አንዴ በአይፒቪ4፣ ከዚያ ባሉት የአይፒቪ6 አድራሻዎች ልክ ይደጋገማል። መዝገቦቹን ቆጥረህ «አምስት ካርድ አለ» ብትል አንድ ካርድን አምስት ጊዜ ቆጥረህ ሊሆን ይችላል። የአንተ ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚያሳየው ሜኑ ውስጥ ያው ስም ሲደጋገም የነበረውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ መዝገቦቹን በስም ሰብስባቸው። ሊኑክስ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ በድሮው መንገድ አሊያስ (ተጨማሪ ስም) የተሰጠው አድራሻ ስሙ ላይ ሁለት ነጥብና ቁጥር ተቀጥሎበት ይመጣል። ለብቻው ካርድ እንዳይመስልህ።

ሲስተም እየለየህ መጻፍ የግድ የሚሆነው የሃርድዌር አድራሻው ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ቤተሰቡ «ኤኤፍ-ፓኬት» ነው፤ ቢኤስዲዎቹና ማክኦኤስ ላይ «ኤኤፍ-ሊንክ»። ስትራክቶቹም ሄደር ፋይሎቹም ይለያያሉ። ያንን ክፍል በአንድ ፋይል ውስጥ ዝጋው። የራስህን ትንሽ ስትራክት ሥራ፤ ስም፣ ቁጥር፣ ፍላግና የአድራሻ ዝርዝር ይኑረው። ሌላው ኮድህ እሱን ብቻ ይወቅ። እባክህ «ሊኑክስ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» የሚለውን በየፋይሉ አትበትነው። ከአንተ በኋላ ኮዱን የሚረከበው ሰው ያሳዝነኛል።

ፕሮግራሜ ሜሞሪ ያፈስሳል፤ «ፍሪ-ኢፍ-አድርስ» ደግሞ ጠርቻለሁ።

ሉፑን የነዳሽው በዋናው ፖይንተር ነው። ሉፑ ሲያልቅ ፖይንተሩ ነል ሆኗል፣ አንቺም የለቀቅሽው ነሉን ነው። ለመዞሪያ ሌላ ፖይንተር ያዢ፣ የዝርዝሩን ራስ አትንኪው።

አንድ አንባቢ አሮጌ ኮድ ተረክበዋል። ኮዱ «ሲዮክ-ጂ-ኢፍ-ኮንፍ» በሚባለው አዮክትል (ከርነሉን የመጠየቂያ ጥሪ) ይሠራል። ልተወው ወይስ ልቀይረው ይላሉ።

የሚደግፏቸው ሲስተሞች ሁሉ «ጌት-ኢፍ-አድርስ» ካላቸው ይቀይሩት። ምክንያቱን ላስረዳዎ፤ አለቆችዎን ማሳመን ሊኖርብዎ ይችላል።

ይህ አዮክትል በ1983 ከወጣው ከ4.2ቢኤስዲ ጀምሮ አለ። ያኔ አይፒቪ6 የሚባል ነገር አልነበረም። አሠራሩ ባፈር (ባዶ የሜሞሪ ቦታ) አዘጋጅቶ ለከርነሉ መስጠት ነው፤ ከርነሉ መዝገቦቹን ይሞላዋል። ባፈሩ ቢያንስስ? ሊኑክስ ስህተት አይመልስም። የቻለውን ያህል ሞልቶ በሰላም ይመለሳል። አሥር ኢንተርፌስ ላለው ማሽን የተመደበ ባፈር፣ ቨርቹዋል ማሽንና ኮንቴይነር የሞላበት ሰርቨር ላይ ሲሄድ የቀሩትን ዝም ብሎ ይጥላቸዋል። ስለዚህ የተመለሰው ርዝመት ከባፈሩ ጋር ሲቀራረብ ባፈሩን አሳድጎ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። የእርስዎ ኮድ ይህን አያደርግም።

ሁለተኛው ችግር የመዝገቡ ርዝመት ነው። ሊኑክስ ላይ ሁሉም መዝገብ እኩል ነው። 64 ቢት ላይ 40 ባይት፣ 32 ቢት ላይ 32 ባይት ነው። ቢኤስዲ ላይ ግን እኩል አይደለም። መደበኛው የአድራሻ ስትራክት 16 ባይት ነው፤ የአይፒቪ6ቱ 28። ስሙ ሌላ 16 ይወስዳል። ስለዚህ የአይፒቪ6 መዝገብ 44 ባይት ላይ ያልቃል። ኮዱ በ32 እየዘለለ ከሄደ ግን የሚቀጥለውን መዝገብ ስም የሚያነበው ከአድራሻ መሃል ነው። እርስዎ «አንዳንዴ የማይነበብ ስም ያወጣል» ያሉት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ቢኤስዲ ላይ የእያንዳንዱን አድራሻ ርዝመት ራሱ ከያዘው ባይት አንብቦ በዚያ ልክ መዝለል ነው የሚያዋጣው።

ሦስተኛው፣ ሊኑክስ ላይ ይህ ጥሪ የአይፒቪ4 አድራሻ ያላቸውን ብቻ ነው የሚያመጣው። አይፒቪ6 ብቻ ያለው ካርድ ለእርስዎ ፕሮግራም የለም ማለት ነው።

ሶላሪስ 10ን አሁንም መደገፍ ካለብዎ ግን እዚያ «ጌት-ኢፍ-አድርስ» የለም። «ሲዮክ-ጂ-ኤል-ኢፍ-ኮንፍ» የሚባለውን፣ አይፒቪ6ን የሚያውቀውን የሶላሪስ ጥሪ ይጠቀሙ፤ ሊንክ ሲያደርጉም የሶኬትና የኤንኤስኤል ላይብረሪዎችን ይጨምሩ። ኮዱ ከመገንባቱ በፊት ሲስተሙን የሚፈትሸው ኮንፊገር ስክሪፕት ደግሞ የሲስተሙን ስም አይጠይቅ። ፈንክሽኑ አለ ወይስ የለም ብሎ ይፈትሽ። ስሙን የጠየቀ ስክሪፕት አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር መታረም አለበት።

ይሄ ሁሉ ከሚሆን «ኢፍኮንፊግ»ን ጠርቼ የሚያትመውን ባነብስ?

አይሆንም። ይህ ጥያቄ በየዙሩ ይመጣል። የሚያትመው የተዘጋጀው ሰው እንዲያነበው ነው፤ መልኩም ከሲስተም ሲስተም ይለያል። ሊኑክስ ላይ እንኳ አሮጌው ስሪት ከአድራሻው በፊት የሚያትመው ቃል አዲሱ ላይ ተቀይሯል። ብዙ ስርጭቶች ላይ ደግሞ ከናካቴው አልተጫነም፣ «አይፒ» የሚለው ትእዛዝ ተክቶታል። ከርነሉ በቀጥታ የሚመልስልሽን ነገር በጽሑፍ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂበት።

ሎካሉን (ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበትን ሉፕባክ ኢንተርፌስ) ለመለየት ስሙን «ኤልኦ» ብዬ ባወዳድር?

ቢኤስዲና ማክኦኤስ ላይ «ኤልኦ0» ነው። ስሙን ተወውና የሉፕባክ ፍላጉን እይ።

ኮምፓይለሩ የ«አፕ» ፍላግን አላውቀውም ይላል። ሄደሩን ጨምሬዋለሁ።

በሲ99 ጥብቅ ሁነታ ነው ኮምፓይል የምታደርጊው። ግሊብሲ ያኔ እነዚያን ፍላጎች ይደብቃል። ከሁሉም ኢንክሉድ በፊት «ዲፎልት-ሶርስ» የሚለውን ማክሮ ዲፋይን አድርጊ።

የማሽኑን አይፒ እንዴት ላግኝ? አንዱን ብቻ ነው የምፈልገው።

«የማሽኑ አይፒ» የሚባል ነገር የለም። አድራሻ የኢንተርፌስ ነው፣ አንዱ ኢንተርፌስም ብዙ ሊኖረው ይችላል። መጀመሪያ ለምን እንደፈለግከው ለራስህ መልስ። ሰርቨርህ በሁሉም አድራሻ እንዲያዳምጥ ከሆነ ዝርዝርም አያስፈልግህም፤ ሁሉንም የሚወክለው አድራሻ ላይ ባይንድ አድርግ። ወደ አንድ መድረሻ ስትሄድ በየትኛው አድራሻ እንደምትወጣ ማወቅ ከሆነ፣ የዩዲፒ ሶኬት ክፈት፣ ወደ መድረሻው «ኮኔክት» በለው፣ ከዚያ «ጌት-ሶክ-ኔም»ን ጠይቅ። አንድም ፓኬት አይወጣም፤ ከርነሉ የራውቲንግ ሠንጠረዡን አይቶ ይመልስልሃል። ይህ ዛሬ በተለመዱት ዩኒክሶች ላይ ይሠራል።

የሆስትኔሙን ወስደህ በሱ አድራሻ የመፈለጉን ነገር እርሳው። ዴቢያን ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው 127.0.1.1 ነው፤ እሱ ይዞህ የትም አይሄድም። ከናት (የውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ ከሚተካ ራውተር) ጀርባ ከሆንክ ደግሞ ውጭ ያለው ዓለም የሚያይህ አድራሻ የትኛውም ኢንተርፌስህ ላይ የለም። እሱን የሚነግርህ ውጭ ያለ ሰርቨር ብቻ ነው።

በ«ኤፍኢ80» የሚጀምር አድራሻ ከዝርዝሩ አውጥቼ ልገናኝበት ብል እምቢ አለኝ።

እነዚህ የአይፒቪ6 አድራሻዎች የሚሠሩት በአንድ ሊንክ ውስጥ ነው። ከየትኛው ኢንተርፌስ እንደሆነ አብሮ ካልተነገረ ከርነሉ በየት እንደሚልከው አያውቅም። የስኮፕ ቁጥሩን (የኢንተርፌሱን ቁጥር) አብረሽ ያዢ። ስታትሚም «ኢኔት-ኤን-ቶፕ»ን ሳይሆን «ጌት-ኔም-ኢንፎ»ን በቁጥር ብቻ እንዲመልስ አዝዘሽ ተጠቀሚ፤ እሱ የኢንተርፌሱን ስም ከፐርሰንት ምልክት በኋላ ይጨምርልሻል።

አንድ ባለሶፍትዌር፦ የማክ አድራሻውን (የሃርድዌር አድራሻውን) አውጥቼ ደንበኛው መክፈሉን የማረጋግጥበት ቁልፍ ላደርገው ነው። በሁሉም ሲስተም እንዴት ላውጣው?

አወጣጡን ከላይ ጽፌዋለሁ። ለዚህ ዓላማ ግን አይጠቀሙበት። የማክ አድራሻ ሩት የሆነ ሰው በአንድ ትእዛዝ ይቀይረዋል። ቨርቹዋል ማሽን ላይ አስተዳዳሪው የፈለገውን ይጽፍበታል። ስልኮች ዋይፋይ ላይ በየኔትወርኩ የተለየ አድራሻ ይሰጣሉ፤ አዳዲስ አንድሮይዶች ደግሞ እውነተኛውን ለተራ አፕሊኬሽን አያሳዩም። ሐቀኛው ደንበኛ የዩኤስቢ ካርዱን የነቀለ ቀን ከከፈለበት ሶፍትዌር ውጭ ይቆለፍበታል። ሌባው ግን አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርዎ ነገር አለ። ይህን ለደንበኛ ከማውጣትዎ በፊት የሴኩሪቲ ባለሙያ ያማክሩ። ክሪፕቶግራፊ የሚያውቅ፣ የላይሰንስ ሥርዓት የሠራ ሰው ይሁን። የሰው ገንዘብና ሥራ የተያያዘበት ነገር በአምድ መልስ አይሠራም፤ የእኔ ምክር አይበቃዎትም።

ሰርቨራችን ላይ «ቦንድ0» እና «ብሪጅ» የሚሉ አሉ። የትኛውን ልምረጥ?

የኔትወርክ አስተዳዳሪያችሁን ጠይቅ።

ኬብሉን ስነቅለው ፕሮግራሜ አሁንም «አፕ» ነው ይላል።

ትክክል ነው የሚልህ። «አፕ» ማለት አስተዳዳሪው ኢንተርፌሱን አብርቶታል ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ሊንኩ መኖሩን ለማወቅ «ራኒንግ» የሚለውን ፍላግ እይ።

ያወጣኸው ዝርዝር ደግሞ የዚያች ቅጽበት ነው። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ዋይፋዩ ሊጠፋ፣ ቪፒኤኑ ሊነሳ ይችላል። ፕሮግራምህ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ሲነሳ አንዴ ቆጥሮ አይቀመጥ። ሊኑክስ ላይ የኔትሊንክ ሶኬት፣ ቢኤስዲና ማክኦኤስ ላይ የራውቲንግ ሶኬት ክፈት፤ ለውጥ ሲኖር ከርነሉ ራሱ ይነግርሃል። መልእክቱን በዝርዝር መተርጎም ካልፈለግክ አትተርጉም። «የሆነ ነገር ተቀይሯል» ብለህ ውሰደውና «ጌት-ኢፍ-አድርስ»ን እንደገና ጥራ። እንዲህ ካደረግክ ሲስተም እየለየህ የምትጽፈው ኮድ ጥቂት መስመር ብቻ ይሆናል።

ለኢንተርፌስ ስም ስንት ባይት ልመድብ?

ሊኑክስና ፍሪቢኤስዲ ላይ የመጨረሻው ዜሮ ባይት ተቆጥሮ 16 ነው። የሶላሪሱ አዲሱ ስትራክት ላይ 32 ነው። በእጅሽ ቁጥር አትጻፊ፤ «ኢፍ-ኔም-ሳይዝ» የሚለውን የፖዚክስ ኮንስታንት ተጠቀሚ።