ጓሮውን ከማሠራታችሁ በፊት ውሻውን ተከተሉት

ወገኖቼ፣ በቅርቡ ቤት የገዛ አንድ ወዳጄ ደውሎ፣ «ጓሮ ላሠራ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ውሻ ይምጣልን እያሉ ነው። የቱን ላስቀድም?» አለኝ። ውሻውን አስቀድም አልኩት። ምክንያቱን ለሁላችሁም ልንገራችሁ፤ እኔ ተገላቢጦሹን አድርጌ ለአንድ ጓሮ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁና።

የመጀመሪያ ቤታችንን ስንይዝ ጓሮውን ባለሙያ ሠራልን። በአጥሩ ሥር ዙሪያውን አበባ ተተከለ፣ መሃሉ ሳር ለበሰ። በጣም ያምር ነበር። ከዚያ ቡቺ መጣ። በሁለት ወር ውስጥ አበባው ተረጋግጦ አለቀ፣ በአጥሩ ጥግ ጥጉን ደግሞ የጭቃ መንገድ ወጣ። እንደገና አስተከልን። እንደገና ረገጠው። ተቆጣሁት፣ ከለከልኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ነው የገባኝ፦ አብዛኛው ውሻ የግቢውን ወሰን እየዞረ ያያል፣ ያሸታል፣ የሚያልፈውን ሰው ይሸኛል። ቦታውን ቀድመን በአበባ የያዝንበት እኛ ነበርን።

ስለዚህ ውሻው ቤት ከገባ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም አታሠሩ። ዝም ብላችሁ እዩት። ጓሮውን ወረቀት ላይ ሳሉና የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚሸና፣ የት እንደሚቆፍር ምልክት አድርጉ። ከዚህ የተሻለ ንድፍ ማንም አይሠራላችሁም።

የሚሮጥበትን መስመር ለእሱ ተዉለት። ከአጥሩ ሥር ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። እዚያ ላይ ሳር አትዝሩ፤ የእንጨት ስባሪ ወይም ጠርዙ ያልሾለ ድቡልቡል ጠጠር አልብሱት። አበባ ከወደዳችሁ ከመንገዱ ወዲህ፣ ወደ ቤቱ በኩል ትከሉ። ጓሯችሁ ከጫካ ጋር የሚዋሰን ከሆነ ደግሞ በጫካውና በሳሩ መካከል 1 ሜትር ያህል ደረቅ የእንጨት ስባሪ መኖሩ መዥገር ወደ ግቢ እንዳይገባ ያግዛል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ለጓሮ ማልበሻ ከሚሸጡት ውስጥ ከካካዎ ቅርፊት የሚሠራ አለ። ሽታው ቸኮላት ቸኮላት ይላል። በቸኮላት ውስጥ ውሻን የሚመርዘው ነገር በቅርፊቱም ውስጥ ስላለ አታስገቡት።

አሁን ወደ ሳሩ። ሁላችንንም የሚያበሳጨን ያ ቢጫ ክብ ክብ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሽንቱ አሲድ ስለሆነ ነው ይላል። ዋናው ምክንያት ናይትሮጅን ነው፤ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ቢጫው መሃሉ ነው፣ ዳር ዳሩ ከሌላው ሳር ይበልጥ ለምልሟል። ጥቂቱ ሳሩን ይመግባል፣ ሲበዛ ያቃጥላል። ሴት ውሻ ሳር ትገድላለች የሚባለውም ቁጢጥ ብላ ሁሉንም አንድ ቦታ ስለምታፈስ ነው። ቁጢጥ የሚል ወንድም ያንኑ ያደርጋል። መፍትሔው ውሃ ነው፤ እንደሸና ወዲያው በደንብ አጠጡበት። ሽንቱን ይለውጣል ተብሎ የሚሸጥ እንክብል ግን የእንስሳት ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡት።

ከሁሉም የሚሻለው የራሱ መጸዳጃ ጥግ ነው። 2 በ2 ሜትር ይበቃዋል፤ ውሃ በደንብ የሚያሰርግ ጠጠር አድርጉበት። ጠዋት ጠዋት በማሰሪያ ይዛችሁ በቀጥታ ወደዚያ ውሰዱት፣ ሲጨርስ እዚያው አሞግሱት፣ የሚወደውን ነገር ስጡት። በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ከልጆች መጫወቻና ከአትክልት መደብ ግን ራቅ ይበል። ኩሱን በየቀኑ አንሱ። የውሻ ወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት መቆየት ይችላል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ አፈር የሚነኩ ልጆች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ለምትበሉት አትክልት በምታዘጋጁት ኮምፖስት ውስጥም አይግባ።

«አርቴፊሻል ሳር አድርገን ብንገላገልስ?» የሚሉ አሉ። ፀሐይ በሚበዛበት ጓሮ እኔ አልመክርም። በጣም ይግላል፣ ሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ሆኖ ካልተሠራና በየጊዜው ካልታጠበ ደግሞ ይሸታል። ምንም ዓይነት ወለል ብታስነጥፉ የእጃችሁን ጀርባ ሰባት ሰከንድ አስቀምጡበት። እናንተ ካልቻላችሁት የውሻውም መዳፍ አይችለውም። ውሻ እንደ እኛ አያልብም፤ ሙቀቱን በዋናነት የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ ጥላና ንጹሕ ውሃ የግድ ናቸው።

የሚቆፍር ውሻ ካላችሁ መቆፈሪያ ስጡት። አንድ ጥግ በእንጨት ከልሉና አሸዋ ሙሉበት፣ መጫወቻውን እዚያ ቅበሩለት። ቁጣ ያላስቆመውን ይህ ሲያስቆም አይቻለሁ።

አጥር ላይ ብዙ አልልም። ለመካከለኛና ለትልቅ ውሻ 1.8 ሜትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከሥር የሚቆፍር ከሆነ የሽቦ መረብ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ቅበሩ። መንገደኛ ባየ ቁጥር ለሚጮህ ውሻ ክፍተት የሌለው አጥር ይሻላል። በሩ በሞላ ራሱን የሚዘጋ ይሁን፤ ልጆች ክፍት ትተውት ይሄዳሉና። የአጥር ከፍታ ሕግ ስላለ ቀድማችሁ የከተማችሁን መዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ተከራይ ከሆናችሁ ከአከራያችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

የሚያስፈራኝ መርዙ ነው። አንድ ቅዳሜ አትክልቴን ቀንድ አውጣ ፈጀብኝ ብዬ ሰማያዊ ፍሬ የመሰለ መግደያ በተንኩ። ከሰዓት በኋላ ቡቺ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መቆም አቃተው። እሽጉን ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም በረርኩ። ተረፈ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሽጉን ነበር፤ ምን እንደበላ ስታውቅ ጊዜ አላባከነችም። እንዲህ ባለው የቀንድ አውጣ መግደያ ውስጥ የሚገኘው ሜታልዴሃይድ የተባለው መርዝ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የአይጥ መርዝም ይገድላል፣ ምልክቱ ግን ቀናት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የመኪና አንቲፍሪዝ (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ) ጣፋጭ ስለሆነ ይልሱታል፣ ኩላሊት ይገድላል። የአጥንትና የደም ዱቄት ማዳበሪያ ሽታው ስለሚስባቸው የተከላችሁትን ቆፍረው ይበሉታል። ኮምፖስቱን ክዳን ባለው ነገር ዝጉ፤ የሻገተ ምግብ ያንቀጠቅጣቸዋል። ከተክል ኦሊአንደር፣ ሳጎ ፓልም፣ አዛሊያና ጉሎ አይኑሩ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የምትተክሉበትን መደብ ከፍ አድርጋችሁ እጠሩት። ወይን ካላችሁም የረገፈውን ልቀሙ፤ ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያበላሹ ይችላሉ። የሐኪሙን ስልክ የጓሮው በር ላይ ለጥፉ፣ ሌሊት የሚሠራውንም ጨምሩ።

በፈረቃ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እኩለ ሌሊት ደክሟችሁ ገብታችሁ ውሻውን የምታስወጡት እናንተ ናችሁ። ከበሩ እስከ መጸዳጃው ጥግ ጭቃ የሌለው መንገድ ይኑር። ሰው ሲያይ የሚበራ መብራት ይተከል። የውሃው ጎማ ከጥጉ አጠገብ ይሁን፣ በሩ ውስጥ ፎጣ ይሰቀል።

ጓሮ አለው ብላችሁ ግን ሽርሽሩን አታስቀሩበት። ብቻውን ጓሮ የተተወ ውሻ ተጫወተ ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በር በሩን እያየ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የእናንተንም መቀመጫ አስቡበት። እኔ ድሮ ወንበሬን ያኖርኩት ለማየት በሚያምረው ጥግ ነበር። አሁን የቡቺ መንገድ ከሚታጠፍበት ጥላ ሥር፣ በሩ ከሚታየኝ ቦታ አድርጌዋለሁ። ማታ ማታ ዙሩን ሲጨርስ መጥቶ እግሬ ላይ ይተኛል።