ስለ ሥራ ቦታ ጥበቃ፣ ደህንነትና የውስጥ ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

መርማሪው፦ በፋብሪካና በመጋዘን የውስጥ ምርመራ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጠይቁ፤ የሰውና የድርጅት ስም ግን አትጥቀሱ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ ከመጋዘን ዕቃ ጠፋብን። የካሜራው ቅጂና የጥበቃ መዝገቡ አይገጥሙም። የትኛውን እንመን?

መርማሪው፦ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ያስታርቁ። በእጄ ባለፈ አንድ ጉዳይ ተረኛው ጥበቃ «እሑድ ሌሊት 8፡20 መኪና ወጣ» ብሎ ጽፏል። ካሜራው ሰኞ 02፡31 ይላል። አለቆቹ ቀኑም ሰዓቱም ተጭበርብሯል ብለው ሊያሰናብቱት ነበር። እሑድ ማታ ተራ የገባ ሰው ሌሊቱን የእሑድ ይለዋል፤ 8፡20 ደግሞ በካሜራው አቆጣጠር 02፡20 ነው። የቀረው 11 ደቂቃ የካሜራው ሰዓት የቀደመበት ነው። ይህን ያወቅነው የካሜራውን ማሳያና የስልክ ሰዓት ጎን ለጎን አድርገን ፎቶ በማንሣታችን ነው። ሰዓት ባለማስታረቅ ቸልተኝነት አንድ የቤተሰብ ኃላፊ እንጀራውን ሊያጣ ነበር! ቅጂውንም በዚያው ቀን አውጡ፤ ዲስኩ ሲሞላ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀዳል። ማን እንዳወጣው፣ ለማን እንዳስረከበ በፊርማ ይያዝ።

የጥበቃ አስተባባሪ፦ መዝገቡ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ይሁን፣ ነገሩ ያልቃል።

የቀድሞ ጥበቃ፦ ወንድሜ፣ ሌሊት በእጅ ባትሪ የሚጽፍን ሰው ሰዓት ቀይር ብትለው ይሳሳታል።

የጥበቃ አስተባባሪ፦ እንግዲያውስ የካሜራውን ሰዓት ወደ እኛ እንመልሰው።

መርማሪው፦ ምርመራ ተጀምሮ የካሜራ ሰዓት አይነካም! ልዩነቱን መዝግቡ፣ በቃ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

የፋብሪካ ሠራተኛ፦ ባልደረባዬ ጣቱን ማሽን ቆረጠው። መከለያው ተነሥቶ ስለነበር ጥፋቱ የእሱ ነው ተባለ።

መርማሪው፦ መከለያ ማንሣት ክልክል ነው። ግን ማን አነሣው? ከመቼ ጀምሮ? የተራው አለቃ በአጠገቡ ስንቴ አለፈ? የጥገና መዝገቡ ይውጣ። አደጋን መዝግቦ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። የአደጋ ቅጽ «አጥፊው ማን ነው?» ብሎ ከጀመረ፣ ቀጣዩ ተጎጂ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ዝም ይላል፤ መርማሪውም ባዶ መዝገብ ታቅፎ ይቀራል። ወለሉ ከመታጠቡ በፊት ፎቶ ይነሣ።

አዲስ አባል፦ ምን ዓይነት ካሜራ ይሻላል?

መርማሪው፦ ሻጭ ይጠይቁ።

አዲስ አባል፦ መሥሪያ ቤታችን ችግር አለ፤ ምን ይሻላል?

መርማሪው፦ ምን ችግር? የት? መቼ? እንዲህ ተጠይቄ አልመልስም።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ምርመራ ስንት ቀን ይፈጃል?

መርማሪው፦ ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ አንቀጽ 27። ስለዚህ ምርመራው ከዚያ በፊት ይለቅ።

የመጋዘን ኃላፊ፦ ስርቆቱ ባለፈው ወር ነበር፤ ቅጂው ጠፍቷል።

መርማሪው፦ በዚያው ቀን አውጡ ብያለሁ! አሁን የንብረት መውጫ ወረቀቱን ቀሪ ከሚዛን ደረሰኙ ጋር ያመሳክሩ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ የተጠረጠረው የጥበቃ ኃላፊው ራሱ ቢሆንስ?

መርማሪው፦ ቅጂውን እሱ አያወጣም። ቁልፉንና የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ፣ ሁለት ምስክር ባለበት፣ በጽሑፍ ይረከቡት። በሠራተኛ ፊት ግን አያዋርዱት፤ ገና ተጠርጣሪ ነው።