የስትሮክስ አልበም እንዴት ተሠራ? ጠይቃችሁኛል፣ መልሻለሁ

ደሴ ላይ ባንድ ልናቋቁም ነው የምትሉ ልጆች በዝታችኋል፤ እሰየው ነው። ዘ ስትሮክስን ታዋቂ ስላደረገው የመጀመሪያ አልበማቸው፣ ስለ «ኢዝ ዚስ ኢት»፣ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ጋሼ፣ ጋራዥ ሮክ ምንድን ነው? ልጆቹስ እነማን ናቸው? (ከኮምቦልቻ)

በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጎረምሶች ቤታቸው ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱት ቀላልና ሻካራ ሮክ ነው። ስትሮክስ ይህን መሰል ሮክ የሚጫወት የኒውዮርክ ባንድ ነው። ጁሊያን ካዛብላንካስ ይዘፍናል፣ ዘፈኖቹንም ይደርሳል። ኒክ ቫሌንሲና አልበርት ሃመንድ ጁኒየር ጊታር፣ ኒኮላይ ፍሬቸር ቤዝ፣ ፋብሪዚዮ ሞሬቲ ድራም።

ብር ስላልነበራቸው ነው ድምፁ እንዲህ የሻከረው? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

ኧረ በጭራሽ! የጁሊያን አባት የታወቀ የሞዴሎች ድርጅት መሥራች ነው። የአልበርት አባት ስመ ጥር የዘፈን ደራሲ። አርሲኤ የሚባለው ትልቅ ኩባንያም አስፈርሟቸዋል። ሻካራነቱን ፈልገው ነው ያመጡት።

እንዲያውም መጀመሪያ ከጊል ኖርተን ጋር ሞክረው ነበር። ፒክሲስ የሚባለውን ባንድ ፕሮዲውስ ያደረገ (ቀረጻውን የመራ) ትልቅ ሰው ነው። የሠሩት ግን ከመጠን በላይ ጠራባቸውና ተዉት። ከዚያ ወደ ጎርደን ራፋኤል ተመለሱ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ አገር ስማቸውን ያስጠሩትን ሦስት ዘፈኖች የቀረጸላቸው እሱ ነው። በ2001 ማርችና ኤፕሪል፣ ማንሃተን ውስጥ ከመሬት በታች ባለችው ስቱዲዮው ገብተው አልበሙን ጨረሱ።

የዘፋኙ ድምፅ በስልክ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ምን አድርገውት ነው? (ከወልድያ)

የምወደው ጥያቄ መጣ! ጁሊያን የዘፈነው ፒቪ በሚባል የልምምድ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ነው። ያቺ ጀማሪ ጊታሪስት መኝታ ቤቱ የሚያስቀምጣት ትንሽ አምፕ። የእሷ ስፒከር ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ አያወጣም፤ መሃሉን ብቻ ነው የሚያስተርፈው። ጫን ሲሏት ደግሞ ድምፅዋ ይሰነጠቃል። ያ ስንጥቅ ነው የምትሰሙት።

ቤታችሁ ሞክሩት። ማይኩን አምፕ ላይ ሰኩ፣ ድምፁ መሰንጠቅ እስኪጀምር ክፈቱ፣ ሌላ ማይክ (ከሌለ ስልካችሁን) ስፒከሩ ፊት አስቀምጡና ቅዱ። ዘፋኙ ከአምፑ ራቅ ብሎ የማይኩን ጀርባ ወደ ስፒከሩ ያዙር፤ አለዚያ ፊድባኩ (ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲይዝ የሚመጣው ጩኸት) ጆሮ ይበጥሳል። ሌላው መሣሪያ ግን ንጹሕ ይሁን። ሁሉንም ካሻከራችሁት አንዱም አይሰማም።

ድራሙ ማሽን ነው ሰው? (ከሐይቅ)

ሰው ነው። በጥቂት ማይክ ስለተቀዳና ድርቅ ስላለ ነው ማሽን የሚመስላችሁ። «ሃርድ ቱ ኤክስፕሌይን» የሚለው ዘፈን ላይ እንዲመስል ሆን ብለው አድርገውታል።

እኛ አንድ በአንድ ነው የምንቀዳው። እነሱስ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

በአብዛኛው አንድ ላይ ቆመው ነው የተጫወቱት፣ ያውም ብዙ ሳይደጋግሙ። ግን እህቴ፣ ይህን ሰምታችሁ ነገ ዘላችሁ ስቱዲዮ እንዳትገቡ። ልጆቹ ሌሊት ሌሊት ሲለማመዱ፣ በትንንሽ ክበቦች ሲጫወቱ ከርመው ነው። የሠርግ ቤት ማሲንቆ ተጫዋችና ዘፋኝ ዓይን ለዓይን ተያይተው እንደሚቀባበሉት ሆነዋል። በሰዓት የሚከፈልበት ስቱዲዮ ውስጥ መለማመድ ኪስ ማራገፍ ነው።

የእኔ ቅጂ ላይ ያለው አንድ ዘፈን ጓደኛዬ ጋር የለም። ለምን? (ከከሚሴ)

የአሜሪካው ሲዲ ሊወጣ ሲል የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ደረሰ። የኒውዮርክ ፖሊስን የሚነካው ዘፈን ወጥቶ «ዌን ኢት ስታርትድ» ገባ። ሲዲውም ወደ ኦክቶበር ተገፋ። ሽፋኑም ይለያያል።

«ላስት ናይት» የተሰረቀ ዜማ ነው ይባላል። (ከመርሳ)

የዘፈኑ መነሻ የአሜሪካዊውን ሮከር የቶም ፔቲን «አሜሪካን ገርል» ይመስላል፣ አልክድም። ፔቲ ራሱ ግን ነገሩ እንዳሳቀው እንጂ እንዳላስከፋው ተናግሯል። እናንተ በዚህ አትመኩ። የሕዝብ ዜማ ሌላ ነገር፤ ባለቤቱ የሚታወቅ ከሆነ ግን አስፈቅዱ።

በአምባሰል ጋራዥ ሮክ ይሆናል? (ከውጫሌ)

ይሆናል! ግን ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) አታብዙ። አምባሰልን ከሲ ብትነሱ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ከዲ ፍላት ሜጀርና ከኤፍ ማይነር በቀር ሙሉ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ከመታችሁ ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ኖታ ይገባና ዜማው ይበላሻል። ዲስቶርሽን (ያ የተሰነጠቀ ድምፅ) ካለ ደግሞ ይብስበታል። መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ የያዘ ፓወር ኮርድ ምቱ። እሱም ሲ፣ ዲ ፍላትና ኤፍ ላይ ነው የሚያስኬደው። ጂ ላይ ዲ ይገባባችኋል፣ ኤ ፍላት ላይ ኢ ፍላት፤ ሁለቱም አምባሰል ውስጥ የሉም። እነዚያን ለቤዙና ለነጠላ ክር ተዉአቸው።

ሁለት ጊታር ካላችሁ ቫሌንሲንና ሃመንድን አዳምጡ። ብዙ ቦታ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር አይመቱም፤ አንዱ ምቱን ሲይዝ ሌላው በነጠላ ኖታ መሃል መሃሉን ይሞላል። ለእኛ ቅኝት ይህ አጨዋወት ከየትኛውም የሮክ ስልት ይበልጥ ይስማማል ባይ ነኝ። ባቲን ገና አልሞከርኩትም። የሞከራችሁ ካላችሁ በስልክም ቢሆን ቅዱና ላኩልኝ።